ባሕር ዳር ላይ የአውሮፕላን ቀን፦ ለልጆች የሐይቅ ዳር ሙዚየም አሠራር

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ዝቅ ማለት ሲጀምር የባሕር ዳር ልጅ ኳሱን ትቶ ያንጋጥጣል። ከዚያ ጥያቄው ይዥጎደጎዳል። «ለምን አይወድቅም?» «ጎማውን የት ነው የሚከተው?» «እኛስ አውሮፕላን ሠርተን እናውቃለን?» ብዙዎቻችን «ሞተር አለዋ!» ብለን እናልፈዋለን። ጥያቄው ግን ከዚህ የተሻለ መልስ ይገባዋል።

ከተማችን የአቪዬሽን ሙዚየም የላትም። ለአንድ ቀን ሙዚየም የሚሆን ነገር ግን ሞልቷል። ሥራ ላይ ያለ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ጣና ላይ ትልልቅ ወፎች ሲነሡና ሲያርፉ ይውላሉ። ነፋስ አለ፣ ካርቶን አለ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል አለ። የሚነገረውም ታሪክ የራሳችን ነው። እዚህ የምጽፈው ጠዋት ተጀምሮ አመሻሽ ላይ የሚያልቅ የአንድ ቀን ፕሮግራም ነው። ከ6 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ይስማማል። ከምሳው ዓሣ በስተቀር ይህ ነው የሚባል ወጪ የለውም።

አንድ ነገር አስቀድሜ አደራ ልበል። በዚህ ቀን አስጎብኚዎቹ ልጆቹ ይሁኑ፣ ጎብኚዎቹ ደግሞ አዋቂዎቹ። እናት፣ አባት፣ አያት፣ ከቻላችሁ ጎረቤትም ተሰብስበው ልጆቹ ያስረዷቸው። ሥራው ሁሉ የተዘጋጀው ለዚያች ከሰዓት በኋላ ለምትደረግ ጉብኝት ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። ዝናቡ አቁሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሣሩም ገና አረንጓዴ ነው። መጋቢትና ሚያዝያም ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን ከባድ ስለሆነ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ።

የአዲስ አበባው በረራ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ከአየር መንገዱ መተግበሪያ ወይም ከትኬት ቢሮ ጠይቁ። ሰዓቱ ስለሚቀያየር በዋዜማውም አረጋግጡ። ከሁሉ የሚሻለው ቀኑን ከእንግዳ መቀበል ጋር ማገናኘት ነው። አክስት ወይም አያት ከአዲስ አበባ የሚመጡበት ቅዳሜ ካለ ቀኑ እሱ ነው። ልጆቹ አውሮፕላኑን አይተው ብቻ አይመለሱም። ከውስጡ የወጣ ሰው አግኝተው ይጠይቃሉ።

የነፋሱ ነገር ፕሮግራሙን ይወስነዋል። ጠዋት ሐይቁ የረጋ ነው። የጀልባ ሰዎች ወደ ዘጌ ስትሄዱ «በጠዋት እንውጣ» የሚሏችሁ ለዚህ ነው። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። የብሱ ላይ ያለው ሞቃት አየር ሽቅብ ሲሄድ ቦታውን ሊይዝ ቀዝቀዝ ያለው አየር ከሐይቁ ይመጣል። ስለዚህ የወረቀት አውሮፕላን የጠዋት ሥራ ነው፤ ካይት የከሰዓት በኋላ። ይህን ቅደም ተከተል ከገለበጣችሁት ወረቀቱን ነፋስ ይወስደዋል፣ ካይቱም አይነሣም።

ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን የመንገድና የከተማ ሁኔታ ማጣራት አትርሱ።

የሚያዝ ዕቃ

አሮጌ ደብተር ወይም ኤ4 ወረቀት፣ የጫማ ካርቶን፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ማስቲሽ፣ ማርከር፣ አንድ ፓኮ አግራፍ፣ ስስ ሲባጎ፣ ትልቅ ፌስታልና ጥቂት ሳንቲም። ለመቀመጫ ሰሌን። ለሁሉም ኮፍያና ውሃ። ካላችሁ ደግሞ አቅርቦ ማሳያ መነጽር፤ ከሌላችሁም ግድ የለም።

ደንገሉን ከሐይቁ ዳር ራሳችሁ አትቁረጡ። ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ዘንድ ተርፎ የወደቀ ደረቅ ቁራጭ አይጠፋም፤ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ደረቅ መሆን አለበት። እርጥቡ ከባድ ነው፣ ሲደርቅም ይጣመማል።

ጠዋት፦ ከወፎቹ መጀመር

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቅ ዳር ድረሱ። ጀልባዎች የሚነሡበት አካባቢ ወይም ዛፍ ያለበት የእግረኛ መንገድ ጥሩ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣቸውን የሚያጸዱበት ቦታ ካገኛችሁ ደግሞ እዚያው ቁሙ። ፔሊካኖች ከዚያ አይርቁም።

ጫወታ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሦስት ጥብቅ ሕጎች አሉ። አንደኛ፣ ማንም ልጅ ውሃ ውስጥ አይገባም። የጣና ዳርቻ ውሃ ቢልሃርዝያ አለበት። ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ እግር ብቻ መንከርም ያስይዛል። አውሮፕላኑ ውሃ ላይ ከወደቀ ወደቀ፤ ሌላ ይታጠፋል። ሁለተኛ፣ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ሣር የበዛበት ዳርቻ ላይ ልጆችን አትልቀቁ። ሦስተኛ፣ ባሕር ዳር ወባ አለ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሁሉም እጅጌና ሱሪ ረዥም ይልበስ፣ ወይም ወደ ቤት ይገባ።

አሁን ወደ ወፎቹ። ልጆቹን «ወፍ እዩ» ብቻ አትበሏቸው። የሚፈልጉትን ነገር ለይታችሁ ስጧቸው።

ፔሊካኑ ከውሃ ሲነሣ እግሮቹን ይመልከቱ። እንደ ዳክዬ እየቀያየረ አይሮጥም። ሁለቱን እግር በአንድ ጊዜ ውሃው ላይ እየመታ ይንደረደራል። ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል። ትልቁ ከ9 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ቆሞ መነሣት አይችልም፤ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ውሃው ላይ ለተወሰነ ርቀት ቀለበት ቀለበት የሆነ አሻራ ጥሎ ይሄዳል። ያ መንደርደሪያው ነው። ወደ የት ፊቱን አዙሮ እንደተነሣ ልጆቹ ይንገሯችሁ። ከዚያ አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ወደ ላይ በትነው የነፋሱን አቅጣጫ ይዩ። ወፉ የተነሣው ነፋሱን ፊት ለፊት ተጋፍጦ ነው። አውሮፕላንም እንዲሁ ያደርጋል። ምክንያቱም ክንፉን የሚያነሣው በላዩ የሚያልፈው የአየር ፍጥነት ነው። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ የፍጥነቱን ከፊል በነጻ ይሰጠዋል።

ሲያርፍ ደግሞ እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ውሃው ላይ ይንሸራተታል። ክንፉን ከፍ አድርጎ ያጎብጠዋል። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከክንፉ ኋላ የሚወጡትና ወደ ታች የሚታጠፉት ሰሌዳዎች የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነው።

ጭልፊት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሥጋ ቤት በላይ ሁሌም ታንዣብባለች። ጭራዋን ተመልከቱ። መሐሉ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ መቀስ የመሰለ ነው። መታጠፍ ስትፈልግ ክንፏን ሳታርገበግብ ጭራዋን ብቻ ትጠመዝዛለች። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። ይህን ያየ ልጅ በኋላ የወረቀት አውሮፕላኑን ጭራ ሲያጥፍ ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃል።

ጥቁርና ነጭ የሆነችው ትንሽዋ ዓሣ አጥማጅ ወፍም አለች። ከውሃው በላይ በአየር ላይ ቆማ ክንፏን በፍጥነት ታርገበግብና ቁልቁል ትወረወራለች። ሄሊኮፕተር ያስረዱበት ዘንድ ለትንንሾቹ ተዉላቸው። ወደ 4 ሰዓት ገደማ መሬቱ ሲሞቅ ፔሊካኖቹ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ሳያርገበግቡ፣ እየዞሩ ከፍ ከፍ ሲሉ ታያላችሁ። ሽቅብ የሚሄደው ሞቃት አየር ነው የሚሸከማቸው። ሞተር የሌለው አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎችም የሚፈልጉት እሱኑ ነው።

የወረቀት አውሮፕላን፦ ማጠፍ ቀላል ነው፣ ማስተካከል ነው ሥራው

አጣጣፉን ልጆቹ ከእናንተ በላይ ያውቁታል። ለማያውቅ ግን፦ ወረቀቱን ርዝመቱን ይዞ መሐል ለመሐል አጥፎ መክፈት፤ ሁለቱን የላይ ማዕዘኖች ወደ መሐሉ መስመር ማምጣት፤ የተገኘውን ዘንበል ያለ ጠርዝ እንደገና ወደ መሐል ማጠፍ፤ ከዚያ ለሁለት አጥፎ ክንፎቹን ወደ ታች መዘርጋት። እጥፋቱን በጥፍር ጫን ብሎ መሳብ ያስፈልጋል። የላላ እጥፋት አይበርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ትምህርቱ። ወረቀቱ ወርውረውት ሊደፋ ይችላል። ልጁ «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። እዚህ ጋ አቁሙትና እንዲህ በሉት።

አፍንጫውን ደፍቶ ከወደቀ፣ የክንፎቹን የኋላ ጠርዝ በትንሹ ወደ ላይ አጥፍ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሽቅብ ወጥቶ ቆም ይልና ከወደቀ፣ ያንኑ ጠርዝ ወደ ታች መልስ፤ ካልበቃ አፍንጫው ላይ አንድ አግራፍ ጨምር። ወደ ግራ እየዞረ ካስቸገረ መጀመሪያ ሁለቱ ክንፎች እኩል መሆናቸውን ከፊት ለፊት እይ። እኩል ከሆኑ ከታች የምትይዘውን ክፍል የኋላ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠምዝዝ። አወራወሩም ቀለል ይበል፤ በጉልበት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ፊት።

አንድ ሕግ አለው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። ከዚያ ይወረወራል፣ ይታያል። ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። የአውሮፕላን መሐንዲስም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ ከዚህ ቀን ሁሉ ከልጆች ጋር ረዥም ጊዜ ብትቆዩበት የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ።

«ለምን አይወድቅም?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የጫማ ካርቶን ክዳን ስጧቸው። በሁለት እጃቸው ጠርዝና ጠርዙን ይዘው ነፋስ ሲመጣ የፊቱን ጠርዝ በትንሹ ቀና ያድርጉ። ካርቶኑ እጃቸውን ወደ ላይ ይገፋዋል። አየሩን ወደ ታች ስለሚመልስ አየሩ ደግሞ እሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። በጣም ሲያቀኑት ደግሞ መነሣቱን ትቶ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። ክንፍ አቅጣጫው ከልክ በላይ ሲቃና ማንሣት ያቆማል። ያ ሽቅብ ወጥቶ ቆም ያለው ወረቀት የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የደንገሉ አውሮፕላን

ከ9 ዓመት በላይ ላሉት የሚሆን ነው። መቁረጡን አዋቂ ይሥራው።

የደረቀ ደንገል ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ስትጫኑት ገባ ይላል፣ በእጅ ላይም ክብደቱ አይታወቅም። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ቁራጭ ለገላው ምረጡ። ከካርቶን 36 በ7 የሆነ ክንፍ፣ 12 በ4 የሆነ የኋላ ክንፍ፣ እና 5 በ5 የሆነ ቋሚ ጭራ ቁረጡ። ስስ ካርቶን ይሁን፤ የብስኩት ካርቶን ከጫማው ይሻላል። ክንፉን መሐል ላይ በጣም በትንሹ አጥፋችሁ ጫፎቹ ከመሐሉ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲሉ አድርጉ። ይህ ሲያዘነብል ራሱን እንዲያቀና ይረዳዋል። ክንፉን ከአፍንጫው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ በፕላስተር እሰሩት። በማስቲሽ አትጀምሩ፤ ገና ትገፉታላችሁ።

አሁን ሚዛኑ። ከክንፉ ሥር ሁለት ጣት አድርጋችሁ አንሡት። ጣታችሁ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ሲሶ ላይ ሆኖ አውሮፕላኑ ካልተዘነበለ ደህና ነው። ጭራው ከወደቀ አፍንጫው ላይ አንድ ሳንቲም በፕላስተር ለጥፉ። አሁንም ከወደቀ ሌላ ጨምሩ። ሚዛኑ ሳይያዝ መወርወር ድካም ብቻ ነው። ሲስተካከል ማስቲሹን ቀቡትና እስኪደርቅ ምሳ ብሉ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው

በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የተሰየመው የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ወደ ምዕራብ ይገኛል። ባጃጅም ታክሲም ያደርሳል። ጥብቅ ጥበቃ ያለበት ቦታ መሆኑን ግን ልብ በሉ። ፎቶ አትነሡ፣ ቪዲዮ አትቅረጹ፣ አጥር ሥር አትቁሙ፣ ልጆቹም ወደ አጥሩ አይጠጉ። እንግዳ የሚቀበል ሰው በሚቆምበት ቦታ ቆማችሁ የምታዩት ይበቃል። የሚቀበሉት ሰው ከሌላችሁ ደግሞ ጭራሽ አትሂዱ። ከሐይቁ ዳር አንጋጣችሁ እዩ፣ ድምፁንም ስሙ።

ልጆቹ መለየት ያለባቸው ሁለት ዓይነት አውሮፕላን ነው። ክንፉ ከገላው በላይ ከሆነና ፕሮፔለር ካለው ዳሽ 8 ነው። እያንዳንዱ ፕሮፔለር 6 ምላጭ አለው። ጎማዎቹ ሲገቡ ወደ ሞተሮቹ ሆድ ነው የሚታጠፉት። ክንፉ ከገላው በታች ከሆነና ሁለት ጄት ሞተር ከተንጠለጠለበት ቦይንግ 737 ነው። የዚህኛው ጎማዎች ወደ ሆዱ ይገባሉ፤ ግን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን በር የላቸውም። አውሮፕላኑ በላያችሁ ሲያልፍ ሆዱ ላይ ሁለት ጥቁር ክብ ይታያል። ጎማዎቹ ናቸው። ይህን ለይቶ የጮኸ ልጅ የዕለቱ ጀግና ይባል።

የመንደርደሪያው ሁለት ጫፍ ቁጥር አለው፤ 04 እና 22። ልጆቹ በስልክ ኮምፓስ 40 ዲግሪንና 220 ዲግሪን ይፈልጉ። ቁጥሩ የተወሰደው ከዚያ ነው፤ የመጨረሻዋን ዜሮ ጥለው። እጃቸውን በዚያ መስመር ዘርግተው ይቁሙ። ነፋሱ ከሐይቁ ከነፈሰ አውሮፕላኑ ወደ የት ፊቱን አዙሮ ይነሣል? ጠዋት ፔሊካኑን ያዩ ልጆች ይመልሱታል። የመጨረሻው ውሳኔ እርግጥ የአብራሪውና የመቆጣጠሪያ ማማው ነው።

ከፍታውንም አንሡ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚይዘው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መንደርደር አለበት። ቦሌ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው።

ከ11 ዓመት በላይ ላሉት አንድ ከባድ ታሪክም አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ሞተሮች ተበላሹ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሞክረው ሳይሳካ ሜዳ ላይ አሳረፉት፤ እሳትም ተነሣ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በከተማው ያን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች ስላሉ ሲነገር በአክብሮት ይነገር። ለልጆቹ ግን አንድ ተግባራዊ ነገር አለው። በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ምግብና ቆሻሻ መጣል ወፍ ይሰበስባል። ስለዚህ ከባጃጅ መስኮት የሙዝ ልጣጭ አይወረወርም።

ምሳ

ሐይቅ ዳር ተመልሳችሁ ዓሣ ጥብስ ወይም ጉላሽ። አጥንቱን ለትንንሾቹ ልቀሙላቸው። ከዚያ ሙዚየሙ ይከፈታል።

ሙዚየሙን መዘርጋት

በዛፍ ጥላ ሥር ሰሌኑን ዘርጉ። ዕቃዎቹን በታሪክ ቅደም ተከተል ደርድሩ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ካርቶን ላይ በማርከር ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ጻፉ። የቀረውን ልጁ በቃሉ ይናገር። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቦታ ይያዝ።

መጀመሪያው ቦታ ላይ ሁለት ክንፍ ያለው የካርቶን አውሮፕላን ይቀመጥ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ፖቴዝ 25 ነው፤ በፈረንሳይ የተሠራ፣ ክንፉ ድርብ፣ የአብራሪው መቀመጫ ክፍት የሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ።

መሐሉ ላይ የደንገሉን አውሮፕላን አስቀምጡ። ጭራውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀቡና «ፀሐይ» ብላችሁ ጻፉበት። ይህ ቦታ ለጎበዝ ተናጋሪ ልጅ ይሰጥ፤ ምክንያቱም «እኛስ ሠርተን እናውቃለን?» የሚለው ጥያቄ መልስ እዚህ ነው። ፀሐይ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ የበረረች አውሮፕላን ናት። ሥራውን የመራው ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ስሟ የተወሰደው ከንጉሠ ነገሥቱ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። ወራሪው የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ወስዷት ሄደ። ከዚያ ከ80 ዓመት በላይ ጣሊያን አገር ቆየች። የተቀመጠችበት የአየር ኃይል ሙዚየም ያለው ብራቻኖ በሚባል ሐይቅ ዳር ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ልጁ ይህን ሲናገር አያቶች ጥያቄ ይጠይቁት። «ማን አመጣት?» «ለምን ወሰዷት?» መልሱ ከጠፋበት ማታ ቤት ውስጥ አብራችሁ ፈልጉ።

ከዚያ ጆን ሮቢንሰን። ከቺካጎ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነው። ኢትዮጵያ ልትወረር ስትል መጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ በረረ። ከነጻነት በኋላም በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶቻችንን አሠለጠነ። በ1946 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን በደረሰበት አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ። ለእሱ ቦታ አንድ ልጅ የአብራሪ መነጽር ከካርቶንና ከላስቲክ ሠርቶ ያድርግ።

ቀጣዩ ቦታ ጨዋታ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። አውሮፕላኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ፣ ሲ-47 የሚባል ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን ነበር። በነዚያ አውሮፕላኖች ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል። ጭነቱ መሐል ላይ ነው። ሰሌኑ ላይ አዋቂዎቹን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አስቀምጡ። መሐል ላይ ዘንቢሉን፣ ጀበናውን፣ የተጠቀለለውን ሁሉ ቆልሉ። አንዱ ልጅ አብራሪ፣ አንዷ አስተናጋጅ ትሁን። አያት እግራቸውን የሚዘረጉበት ሲያጡ ያን ጊዜ መብረር ምን እንደሚመስል ይገባቸዋል።

የመጨረሻው ቦታ የካፒቴን አምሳለ ጓሉ ነው። በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። ይህን ቦታ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ሊይዘው ይችላል፤ እኔ ግን ለሴት ልጃችሁ ብትሰጡት ደስ ይለኛል። ትከሻዋ ላይ አራት ወርቃማ መስመር ከወረቀት ቆርጣችሁ ለጥፉላት። አራት መስመር የካፒቴን ነው።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ቡና ይፈላ። አዋቂ ሁሉ ከአንዱ ልጅ የተማረውን አንድ ነገር ይናገር።

ካይት

ከ9 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ሁለት ቀጭን እንጨት፣ አንዱ 60 ሌላው 50 ሳንቲ ሜትር፣ በመስቀል አምሳል እሰሩ። አጭሩ ከረዥሙ የላይ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሻገር። ጫፎቹን በሲባጎ ዙሪያውን አያይዙ፣ በፌስታል ሸፍኑና በፕላስተር ጠርዙን አጥፉ። ከረዥሙ እንጨት ላይና ታች ጫፍ ሲባጎ አስራችሁ፣ መያዣውን ገመድ ከመሻገሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ከዚህ ሲባጎ ጋር ቋጥሩ። ከታች 2 ሜትር ያህል የፌስታል ጭራ ይንጠልጠልበት። ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ጭራውን አስረዝሙ።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት አይለቀቅም። በአውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ጨርሶ አይለቀቅም። ፌስታሉንና ፕላስተሩን ደግሞ ስትሄዱ አንድ ሳታስቀሩ ልቀሙ፤ ሐይቁ ውስጥ ከገባ ዓሣውንም ወፉንም ይጎዳል። 12 ሰዓት ሳይሞላ ትንኝ ከመነሣቷ በፊት ወደ ቤት።

ክረምት ከሆነ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህን ፕሮግራም ሐይቅ ዳር አታድርጉት። ሳሎን ይበቃል። ወረቀት አውሮፕላኑን በኮሪደሩ ወርውሩ፤ እንዲያውም ነፋስ ስለሌለ ማስተካከሉ ይቀላል። ሙዚየሙን በጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ወፎቹን ከመስኮት ማየት ይቻላል፤ ጭልፊት በዝናብ መሐልም ፋታ ሲገኝ ትወጣለች። ካይቱን ብቻ ለመስከረም አቆዩት።